ምሳው ነጻ ነው፤ ትምህርት ቤቱስ በምን ይኖራል?



ባለፈው የእሁድ ስብሰባ ፈቃድ አጥታችሁ የቀራችሁ ካላችሁ አንድ ትልቅ ክርክር አምልጧችኋል። ከዕቁባችን ጎን ለጎን «የትምህርት ቤት ሳጥን» የምንላት መዋጮ እንዳለችን ታውቃላችሁ። በየወሩ የቻልነውን እንጥልባታለን። ነሐሴ ላይ ትከፈትና አገር ቤት ልጆቻችንን ለሚያሳድጉልን እናቶቻችንና እህቶቻችን ትላካለች፤ እነሱም ልጆቹ ለሚማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የወላጅ መዋጮ ያደርጓታል። አንዷ እህታችን (ስሟን አልጠራም፣ ራሷ ስታነበው ትስቃለች) ብድግ አለችና እንዲህ አለች፦

«እኔ ምለው፣ ይቺን ሳጥን ለምን አንዘጋትም? ልጆቹን እንደሆነ መንግሥት ቁርስም ምሳም ያበላቸዋል። ዩኒፎርምና ደብተር ይሰጣቸዋል። የሰው ሽንት ቤት አጥበን ያመጣነውን ዶላር ለጠገበ ትምህርት ቤት የምንልከው ለምንድን ነው?»

ግማሹ ቤት አጨበጨበ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የኔም እጅ ሊያጨበጭብ ተነስቶ ነበር። ማታ ወደ ማዳም ቤት ስመለስ ግን ቫኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ «የጠገበ ትምህርት ቤት» የምትለዋ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። የጠገቡት እኮ ልጆቹ ናቸው። ትምህርት ቤቱ መቼ ጠገበ? ይህን የምጽፈው በዚች ቃል ምክንያት ነው።

አስቀድሜ ስለ ምሳው

ማንም «ይቺ ሴትዮ ምገባውን ትቃወማለች» እንዳይለኝ መጀመሪያ የኔን ታሪክ ልንገራችሁ።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የተማሪዎች ምገባውን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በስፋት የጀመረው በ2012 የትምህርት ዘመን ነው። ሲጀመር ወደ 300 ሺህ ለሚሆኑ ልጆች ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከ700 ሺህ በላይ ሆኗል። እኛ ደግሞ በዚያው ሰሞን ቤይሩት ውስጥ ምን እንደደረሰብን አትረሱትም። በፈረንጆቹ 2019 ጥቅምት ላይ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ ባንኮቹ ተዘጉ፣ ለዓመታት በዶላር 1,500 ገደማ የነበረው ሊራ መንከባለል ጀመረ። ዛሬ 89,500 ነው። ማዳሞቹ «ዶላር የለም» አሉን። ደሞዛችን በሊራ ሆነ፤ ለብዙዎቻችን ጭራሽ ቀረ። ከነሻንጣቸው መንገድ ላይ የተጣሉትን እህቶቻችንን ያየነው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ በነዚያ ወራት አንድ ብር አልላክሁም። ስደውል እማዬ ምን ትለኝ ነበር? «አይዞሽ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት በልታ ነው የምትመጣው።» ልጄ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። እናቷ በሰው አገር ሁለት ሻይ ቤት ኪሷ ውስጥ የማይገባ ገንዘብ እየቆጠረች ሳለ፣ ልጄ ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ቀን እንጀራ በምስር ወጥ በልታ ፊደሏን ትቆጥር ነበር። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጄም ምሳ አብሮ ቆመ። የዚያን ምሳ ዋጋ በደንብ ያወቅሁት ያኔ ነው። እማዬ «አይዞሽ» ማለቷን ተወችው።

ሌላም አለ። ወጡን የሚሠሩት እናቶች ናቸው። መጋቢ እናቶች ይሏቸዋል፤ ተደራጅተው፣ ከሠፈራቸው ሳይርቁ የሚሠሩ። ከነሱ መካከል እንደኛ ሻንጣዋን ሸክፋ ልትወጣ የነበረች አትጠፋም። ልጇን አብልታ፣ የሰውንም ልጅ አብልታ፣ ማታ ቤቷ ትገባለች። ይህን የሚጠላ ማን አለ?

ስለዚህ ምሳው ይቆይልን። የኔ ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ሁለት ድስት

እኛ የወጥ ቤት ሰዎች ስለሆንን በወጥ ቤት ቋንቋ ልናገር። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለት ድስት ተጥዷል። አንዱ የምሳው ድስት ነው። በጀቱ ለብቻው ይመጣል፣ ለእህልና ለዘይት፣ ለመጋቢ እናቶች ይወጣል። ሁለተኛው የትምህርቱ ድስት ነው። መምህር፣ ጠመኔ፣ መጽሐፍ፣ ወንበር፣ ውኃ፣ የሽንት ቤት ጥገና፣ የጥበቃ ደሞዝ፣ የፈተና ወረቀት ማባዣ። ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው መጨለፍ አይቻልም። የምሳው በጀት ስለመጣ ዳይሬክተሩ የተሰበረ ወንበር ሊያሠራበት አይችልም። ሊያደርገውም አይገባውም፤ የልጆቹ እህል ነው።

የትምህርቱ ድስት ደግሞ ከድሮም ሞልቶ አያውቅም። በአገራችን ከትምህርት በጀት አብዛኛው የመምህራን ደሞዝ ነው። ከደሞዝ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህን ክፍተት ለመድፈን በ2001 ዓ.ም. የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ፕሮግራም ሲጀመር ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር እየተሰላ የሚሰጥ ድጎማ መጣ። ጥሩ ነገር ነው። ግን የሚሰላው ቀደም ብሎ ተቆጥሮ በተላከ የተማሪ ቁጥር ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ የነገሬ እምብርት እሷ ነች።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ይበልና አንድ ትምህርት ቤት አምና 1,000 ልጆች ነበሩት። ምሳ አለ ሲባል ቤት የቀሩት መጡ፣ እንጨት ለቀማ የሚሄዱት መጡ፣ ኑሮ የከበደው ወላጅም ከግል ትምህርት ቤት አውጥቶ አመጣ። ዘንድሮ 1,300 ሆኑ። ለምሳው 1,300 ሰሐን ይታሰባል፤ ካልታሰበ ዛሬውኑ ጩኸት ይነሳልና። ድጎማው ግን በአምናው 1,000 ተሰልቶ ነው የሚመጣው። መምህሩም ያው የአምናው ነው። ወንበሩም ያው ነው። በየልጁ የሚደርሰውን አካፍሉት፤ ለአንድ ልጅ አንድ ብር ይደርስ የነበረው 77 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው። ማንም በጀት አልቀነሰም፣ ማንም ገንዘብ አልሰረቀም። ትምህርት ቤቱ ግን ደኸየ። የደኸየው ደግሞ በጥሩ ነገር ምክንያት ነው፤ ልጆች ስለመጡለት!

በዓመቱ ቁጥሩ ታርሞ ገንዘቡ ሊጨምር ይችላል። ግን በዓመቱ ሌሎች ልጆች መጥተዋል። ገንዘቡ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደኋላ ነው። በዚያ ላይ የእህል ዋጋ ይጨምራል፣ ለአንድ ሰሐን የተመደበው ገንዘብ ግን በየወሩ አይጨምርም። ሽንኩርቱ ሲወደድ ወይ ወጡ ይቀጥናል፣ ወይ መጋቢዋ እናት ትከስራለች። ይህን እንኳ እኛ ለማዳም ስናስረዳ ነው የኖርነው።

የልጄን ክፍል ልንገራችሁ። እማዬ የወላጅ ስብሰባ ሄዳ ቆጥራ መጥታ ነው የነገረችኝ። አምና 52 ነበሩ፤ ዘንድሮ 71 ናቸው። በአገራችን መለኪያ ለአንደኛ ደረጃ አንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው የሚባለው። በአንድ ወንበር አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ልጄ ግራኝ ስለሆነች ጫፍ ላይ ካልተቀመጠች መጻፍ አትችልም፣ የጎረቤቷ ክርን ይገፋታል። «ጠግበሻል?» ስላት «አዎ» ትለኛለች። «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ስላት ዝም ትላለች።

ኬንያዎቹ ያዩት

ይህ የኔ ወሬ ብቻ አይደለም። እሁድ እሁድ ከምናገኛቸው ኬንያውያን እህቶቻችን አገር የመጣ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። በምዕራብ ኬንያ የተደረገ ነው፤ ከአጥኚዎቹ አንዱ ማይክል ክሬመር ኋላ በ2019 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት አንዱ ነው። 50 መዋዕለ ሕፃናት ተወሰዱ፤ ዕጣ ወጣና 25ቱ ለልጆቹ ቁርስ እንዲያበሉ ተደረገ፣ 25ቱ እንደነበሩ ቆዩ።

ቁርስ ያለበት ቦታ የሚመጣው ልጅ ቁርስ ከሌለበት በ30 ከመቶ በለጠ። እሰየው ነው። ግን ሌላም ነገር ተገኘ። ክፍሎቹ ተጨናነቁ። ለማብላት የሚሄደው ሰዓት ከማስተማሪያው ሰዓት ላይ ተቆረሰ። ፈተና ላይ ልጆቹ የተሻለ ውጤት ያመጡት መምህሩ ከድሮም ልምድ ያለው በሆነበት ብቻ ነው። ደካማ መምህር ባለበት ሆዱ ሞላ እንጂ ውጤቱ ከፍ አላለም።

ከሁሉ የገረመኝ የገንዘቡ ነገር ነው። እነዚያ መዋዕለ ሕፃናት የሚተዳደሩት ወላጅ በሚከፍለው ክፍያ ነበር። ቁርስ የሚሰጡት ወረፋ ሲበዛባቸው ክፍያቸውን ከፍ አደረጉ። አጠገባቸው ያሉት ቁርስ የሌላቸው ደግሞ ልጅ እየሸሻቸው ስለሆነ ክፍያቸውን ቀነሱ። ነገሩን አያችሁት? ምግቡ በነጻ ገብቶ የትምህርት ቤቱን ገንዘብ ግን አናወጠው። አንዱ ጋ ወላጁ በምግብ ያተረፈውን በክፍያ መለሰ፤ ሌላው ጋ ትምህርት ቤቱ ገቢው ቀነሰ።

አጥኚዎቹ ራሳቸው የተናገሩት አንድ ነገር አለ፤ ምግቡ በሁሉም ትምህርት ቤቶች ቢሰጥ ኖሮ ልጆች ከአንዱ ወደ አንዱ አይሸሹም ነበር፣ የክፍያው ትርምስም ይቀንስ ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ማድረጓ ትክክል ነው። ልጅ ከሠፈር ሠፈር ምሳ ፍለጋ አይንከራተትም። ግን ከተማው ድንበር አለው፤ ከድንበሩ ማዶም ልጆች አሉ።

እንጨቱንና ውኃውን ማን ያመጣል?

ከገጠር የመጣን ብዙዎች ነን። እዚያ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ኢትዮጵያ ውስጥ በትምህርት ቤት ማብላት የጀመረው በፈረንጆቹ 1994 ነው፤ ድርቅ በሚያጠቃቸው ወረዳዎች። በ2012 ደግሞ ከአካባቢው ገበሬ እህል እየተገዛ የሚበላበት ዓይነት በኦሮሚያና በደቡብ ተጀመረ። ዱቄቱና ዘይቱ ይመጣል። እንጨቱ ግን የወላጅ ነው። ውኃው የወላጅ ነው። ብዙ ቦታ የምታበስለዋ ሴት የምታገኛትን ትንሽ ገንዘብም የሚያዋጣው ወላጁ ነው።

ከዚያ አካባቢ የመጣች አንዲት እህታችን ስትነግረን፣ እሷ ልጅ ሳለች ወላጅ በነፍስ ወከፍ ለትምህርት ቤቱ ያዋጣ ነበር፤ ለወንበርና ለቆርቆሮ። ምግቡ ሲመጣ ያው መዋጮ ወደ እንጨትና ወደ ምግብ አብሳይዋ ዞረ። ወላጁ ከዚያ በላይ ከየት ያምጣ? ቆርቆሮው ተቀደደ፣ ዝናብ ገባ። ልጆቹ በልተው ዝናብ ተመቱ። ሰዉ ሞኝ ሆኖ አይደለም። ከአንድ ኪስ ሁለት ድስት መጣድ አቅቶት ነው።

ይህ ነገር በአገራችን የመጀመሪያው አይደለም። ሚያዝያ 1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያን አስቀረ። ትምህርት ነጻ ሆነ፣ ልጁ ጎረፈ። ለብዙ የድሃ ልጅ፣ በተለይ ለሴት ልጅ፣ በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ግን ከልጁ ጋር እኩል መምህርና ክፍል አልጎረፈም። ፈረቃ የመጣው፣ መዋጮ የበዛው፣ «በነጻ ነው» እየተባለ በየሰበቡ ብር የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ነጻ የተባለ ነገር ሁሉ ከጀርባው የሚከፍል ሰው አለው። ጥያቄው ማን ነው የሚከፍለው የሚለው ነው።

ለንደን የገባችው እህታችን

«ይሄ የድሃ አገር ችግር ነው» የምትሉ ካላችሁ ደግሞ ስሙ። ድሮ እዚህ ቤይሩት ከኛ ጋር የነበረች፣ ኋላ ወደ ባሕረ ሰላጤው ተሻግራ ከአሠሪዎቿ ጋር ለንደን የሄደችና እዚያው የቀረች እህት አለችን። ዛሬ ወረቀት አላት፣ ቢሮ ታጸዳለች፣ ልጇ አንደኛ ደረጃ ይማራል። በቀደም ስትደውል እንዲህ አለችኝ፦ «ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ላከብኝ። ለነጻ ምሳ ማመልከቻ ሙዪ ይለኛል። ልጄ እኮ ያለ ማመልከቻ በነጻ እየበላ ነው! ድሃ ነኝ ብዬ ልፈርምላቸው ነው እንዴ የፈለጉት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ አገር ከመስከረም 2014 ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመት ክፍሎች ልጆች ሁሉ፣ ሀብታም ድሃ ሳይባል፣ ምሳ በነጻ ይበላሉ። ለንደን ውስጥ ደግሞ ከመስከረም 2023 ጀምሮ ከንቲባው በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላሉት ሁሉ አደረገው። በጣም ጥሩ። ግን እዚያ አገር ከ2011 ጀምሮ ለድሃ ልጆች ትምህርት ተብሎ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ተጨማሪ ገንዘብ አለ። በ2024/25 የበጀት ዓመት ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ልጅ 1,480 ፓውንድ ነበር። ድሃው ልጅ ማን እንደሆነ የሚታወቀው በምንድን ነው? ወላጁ «ገቢዬ ትንሽ ስለሆነ ነጻ ምሳ ይገባኛል» ብሎ በሞላው ማመልከቻ!

አሁን ገባችሁ? ድሮ ወላጅ ማመልከቻውን የሚሞላው ልጁ ምሳ እንዲያገኝ ነበር። ምሳው ለሁሉም ሲሆን ማመልከቻውን የሚሞላ ጠፋ። ማን ወረፋ ይሰለፋል፣ ማን ድህነቱን ይፈርማል? ልጁ በላ፣ ትምህርት ቤቱ ግን 1,480 ፓውንድ አጣ። እንደዚህ ያሉ ሃያ እናቶች ቢኖሩ 29,600 ፓውንድ ነው፤ ልጆቹን በትንንሽ ቡድን አድርጋ የምታስነብብ ረዳት መምህርት ደሞዝ ማለት ነው። አንዴ ከሞሉት ደግሞ ልጁ ለስድስት ዓመት ይቆጠራል።

ይህን የጸሐፊዋ ሴትዮ ቁጭ ብላ ስታስረዳት እህታችን ሞላችው። «አፍሬ ነበር፤ ለካ ፊርማዬ የልጄን መምህርት ነው የሚቀጥርልኝ» አለችኝ። ወደ አውሮፓ፣ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ የምትሻገሩ እህቶች አላችሁና ይቺን ያዙልኝ። ከትምህርት ቤት ወረቀት ሲመጣ «ልጄ እየበላ ነው» ብላችሁ አትጣሉት፤ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። የኛ ሰው ድህነቱን በወረቀት ማስፈር ይከብደዋል፣ አውቃለሁ። እኔም ያው ነኝ። ግን የማይቆጠር ልጅ ገንዘብ አያመጣም።

ለንደንና አዲስ አበባ ሰማይና ምድር ናቸው። እዚያ ገንዘቡ የሚከተለው ማመልከቻውን ነው፤ እኛ ጋ የሚከተለው ጭንቅላት ቆጠራውን ነው። በሽታው ግን አንድ ነው። ምሳውን ያየ ሁሉ «ትምህርት ቤቱ ተረዳ» ብሎ ፊቱን ያዞራል። መንግሥትም ያዞራል፣ ረጂውም ያዞራል፣ ወላጁም ያዞራል፤ ባለፈው እሁድ ደግሞ እኛ ልናዞር ነበር።

ለእህታችን መልሴ

ያነሳሻቸው ነገሮች ሁሉ ልክ አይደሉም አልልም።

አንደኛ፣ «መዋጮው የት እንደሚገባ አናውቅም» ብለሻል። እውነት ነው። እኔም አላውቅም ነበር። አንድ ዓመት እማዬ ከፍላ ደረሰኝ ስትጠይቅ «ጽፈነዋል፣ ሂጂ» ተብላ ተመልሳለች። ግን ለዚህ መድኃኒቱ ደረሰኝ መጠየቅ ነው እንጂ ሳጥን መዝጋት አይደለም። ማዳም ደሞዝ ስታዘገይብን ጠየቅናት እንጂ ሥራ መሥራት አላቆምንም።

ሁለተኛ፣ «የመንግሥትን ሥራ ለምን እኛ እንሠራለን» ብለሻል። ይሄኛው ከበድ ይላል። የኛ መዋጮ መንግሥትን ከግዴታው ሊያወጣው አይገባም። መምህር መቅጠር፣ ክፍል መሥራት የኛ ሥራ አይደለም፤ አቅሙም የለንም። ግን የሚዋጣ ሰው የመጠየቅ አፍ አለው። ምንም ያላዋጣች እናት ስብሰባ ላይ ተነስታ «የዘንድሮው ድጎማ የት አለ?» ስትል የሚሰማት ጥቂት ነው። መሆን አልነበረበትም፣ ግን እንዲያ ነው። የኛ አምስት ዶላር ወንበር ከመግዛቷ በላይ ለእናቶቻችን ወንበር ትገዛላቸዋለች፤ ስብሰባው ላይ የሚቀመጡበትን።

ሦስተኛ፣ «ምሳ ስለሚበሉ የምንልከው ብር ቤት ይተርፋል» ብለሻል። ይተርፋል! እኔም የማነሳው ይህንኑ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት በመብላቷ የዳነልኝ ገንዘብ አለ። ያ ገንዘብ የት ሄደ? ሒሳቤን ሳይ፣ ለእህቴ ልጅ ክርስትናና ለአጎቴ ስልክ ሄዷል። ከዚያ ላይ ትንሹን ለልጄ ትምህርት ብመልሰው ምሳውን ያበላት ሰው ይቀየመኛል?

ምን እናድርግ?

ሐሳቤ ይህ ነው። በሚቀጥለው እሁድ ተነጋገሩበት፣ አርሙኝም።

ሳጥኗ አትዘጋ፤ ግን የምትገዛው ነገር ይለወጥ። ለዩኒፎርምና ለምግብ የነበረው ይቅር፣ እሱ ተሸፍኗል። ልጅ ሲበዛ መጀመሪያ የሚጎድለው ላይ ይዋል፦ ለመቀመጫ ጥገና፣ ለማንበቢያ መጻሕፍት፣ ለእጅ መታጠቢያ ውኃ፣ ለሴት ልጆች ሽንት ቤት።

የሚላከው በሕጋዊ ደረሰኝ ብቻ ይሁን። ደረሰኙ ፎቶ ተነስቶ በቡድናችን ስልክ ላይ ይለጠፍ። ደረሰኝ የማይሰጥ ትምህርት ቤት ካለ ገንዘቡ ሳጥን ውስጥ ይቆይና ምክንያቱ ይጠየቅ።

ሁላችንም ለእናቶቻችን እንደውልና በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባ ላይ ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቁ እንንገራቸው። ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ በቃል ይያዙት፦

«በልጄ ክፍል አምና ስንት ነበሩ፣ ዘንድሮ ስንት ናቸው?»

«የትምህርት ቤቱ ድጎማ በስንት ልጅ ተሰልቶ መጣ? አዲሶቹ ልጆች ተቆጥረው ተልከዋል?»

«ለመብላት የሚሄደው ሰዓት ከየትኛው ክፍለ ጊዜ ነው የሚወጣው? እንዴትስ ይካካሳል?»

እነዚህ የጠብ ጥያቄዎች አይደሉም። ጥሩ ዳይሬክተር ካለ ደስ ብሎት ይመልሳል፤ እሱም እኮ ወረዳ ሄዶ ሲከራከር «ወላጆች ጠይቀውኛል» የሚልበት ነገር ያገኛል።

እማዬን እነዚህን ሦስቱን በስልክ አስጠናኋት። ሁለተኛዋ ትጠፋባታለች። «ድጎማ» የሚለውን ቃል ትረሳዋለች። መጨረሻ ላይ እኔን ሰልችታኝ እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺ፣ ነገሩ ገብቶኛል። ሠርግ ጠርተው ሰሐን ጨምረዋል፤ ዳሱን ግን አላሰፉትም ነው የምትዪው?»

አዎ እማዬ፣ እሱን ነው የምለው።

ሳጥኗ እኔ ጋ ነች። የዚህን ወር ከፍቻለሁ። እሁድ እንገናኝ።

— ከቤይሩት፣ የአንዲት ተማሪ እናት